የማንሆ ስልክ ዓመት ሞላው

ሞክፖ፣ ኅዳር 9

ለወንድሜ ለማንሆ፤

እንደምን ከርመሃል? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኔ አለሁ፤ ከወገቤ በቀር ሁሉ ነገሬ ደኅና ነው።

መልስ ስላዘገየሁብህ አትቀየመኝ። የኪምቺ ሰሞን መሆኑን ታውቃለህ። ጎመን ሳጥብ፣ ጨው ስነሰንስ፣ በርበሬ ስለውስ ከርሜ ጣቶቼ እስክሪብቶ መያዝ አቅቷቸው ነበር። ሰው ሁሉ ሱቄ እየመጣ «ዶክሂ፣ የዘንድሮው እንደ አምናው ይሁንልኝ» ይላል። አምና «እንደ ካቻምናው አይደለም» ብሎ ያማኝም እሱ ራሱ ነው።

ስለ ስልክህ ጠይቀሃል። እኔ ጋ ነው። ፍርዱ የተሰጠ ዕለት ከቀበቶህና ከመኪናህ ቁልፍ ጋር በላስቲክ አድርገው ሲሰጡኝ እንደነበረው ነው ያለው፤ አልተጫረም፣ አልተሰነጠቀም። መስመሩንም ዝጊው ብለኸኝ ነበር፤ አልዘጋሁትም። ለምን እንዳትለኝ፤ ምክንያት አለኝ።

አሁን ግን አንድ ጣጣ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ቾ ሱቄ ድረስ መጣ። ያ የወደቡ መንገድ ማዕዘን ላይ ያለው የስልክ ወኪል፤ ከራሱ በቀር ሠራተኛ የሌለው ሥራ አስኪያጅ። ያለችኝን አንዲት በርጩማ ስቦ ተቀመጠና፣ «እትዬ ዶክሂ፣ የማንሆ ዓመት ሞላ እኮ! አሮጌውን መልሰን አዲሱን እንወስዳለን» አለኝ።

«የቱ ነው አሮጌው?» አልኩት።

«ስልኩ ነዋ። ዓመት ሆነው።»

«ዓመት የሆነውን አሮጌ ካልክ እኔን ምን ልትለኝ ነው?»

ሳቀ። «እርስዎ ቋሚ ደንበኛ ነዎት። ማንሆም ቋሚ ደንበኛ ነው። ቋሚ ደንበኛ ደግሞ ለእኛ ንጉሥ ነው።»

«ንጉሥ ከሆንኩ እኔ ቆሜ አንተ ለምን ተቀመጥክ?»

ተነሣና የሲኒማ ቲኬት ሰጠኝ፤ የቋሚ ደንበኛ ስጦታ ነው አለኝ። እኔና ሲኒማ! ከመቀመጤ እንደማንቀላፋ አያውቅም።

«በየዓመቱ አዲስ ስልክ» የሚሉትን ውል የፈረምከው አንተ ነህ፤ እኔ ደንቡን አላውቀውም። አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ፦ ስልኩን ሳልመልስ ማቆየት ይቻላል ወይ?

እማዬ ደኅና ናት። አሁንም የምታውቀው ቱና አጥማጅ መርከብ ላይ መሆንህን ነው። ስለ ሽማግሌው የጠየቅከኝን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

እህትህ ዶክሂ

—

ከማረሚያ ቤት፣ ኅዳር 20

ለእትዬ ዶክሂ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አልተቀየምኩም። እዚህ የሚመጣ ደብዳቤ ቢዘገይም እንግዳ ነው፤ እንግዳን ደግሞ ለምን አረፈድክ አይሉትም።

ምግቡን እበላለሁ፣ አታስቢ። ኪምቺያቸው ውኃ ውኃ ይላል፤ ያንቺን ሥራ እዚህ ሆኜ ነው ያወቅኩት። ሌላ ጊዜ አመስግኜሽ የማውቅ አይመስለኝም።

የጠየቅሽኝ ነገር እንዲህ ነው። በየወሩ ትከፍያለሽ። ዓመት ሲሞላ ስልኩን ሳይሰነጠቅ ትመልሺና የቀረው ክፍያ ይሰረዝልሻል፤ አዲሱን ይሰጡሽና ውሉ እንደገና ይጀምራል። ማቆየትም ይቻላል፤ የቀረውን ከፍሎ ነው። ይጠቅማል ወይ ብትዪኝ፣ አዲስ በወጣ ቁጥር እጁን ለሚበላው፣ ስልክ ጥሎ ለማያውቅ ሰው ይጠቅመዋል። ራሱ ገዝቶ፣ አሮጌውን ራሱ ለመሸጥ ገበያ ላይ ከሚንከራተትበት ድካሙ ይቀልለታል። ስልኩ እስኪሞት ድረስ ለሚይዝ፣ እንዳንቺ ላለው ሰው ግን የራሱ ሊሆን የሚችለውን ዕቃ ዕድሜ ልኩን መከራየት ነው።

ታዲያ አንተ ለምን ገባህበት እንዳትዪኝ። የጭነት መኪና ነጂ ቤት የለው፣ ሚስት የለው። በዓመት አንድ ቀን አዲስ ነገር ከሳጥን ማውጣት ደስ ይለኝ ነበር። ይኸው ነው።

ታማኝነቱንማ ተዪው። ከወጣትነቴ ጀምሮ ኩባንያ ቀይሬ አላውቅም። ሌላውን ኩባንያ ከድቶ ለሚመጣ ድግስ ይደገስለታል፤ ለቆየው በልደቱ ቀን መልእክት ይላክለታል። የተያዘ ዓሣ ማን ቀለብ ይሰፍርለታል ይባል የለም እኛ አገር? አባዬ ራሱ ይላት ነበር።

ስለዚህ መልሺው፤ መስመሩንም ዝጊው። የሚደውልልኝ የለም። ያቺን ገንዘብ ለወገብሽ ሐኪም አድርጊያት።

እዚህ ለቤተሰብ መደወል ይፈቀዳል። ለእማዬ ልደውል ብዬ ወረፋ ያዝኩና ስልኩ አጠገብ ደርሼ ተመለስኩ። ጠጥቶ የነዳ፣ ብስክሌት ላይ የነበረ ሽማግሌ የገጨ ልጅ ምን ብሎ ነው «እማዬ» የሚለው? ድምፄን ስትሰማ ታውቅብኛለች።

አንድ ነገር ግን ግራ ገብቶኛል። እማዬ ልጄ ለምን አይደውልም ብላ ስትጨቀጭቅሽ በአንድም ደብዳቤሽ አልጻፍሽልኝም። መጠየቅ ተወች እንዴ?

ወንድምሽ ማንሆ

—

ሞክፖ፣ ታኅሣሥ 6

ለማንሆ፤

እማዬ መጠየቅ አልተወችም። ትጠይቃለች። የምትጠይቀው ግን እኔን አይደለም፣ አንተን ነው።

ቁጭ ብለህ አንብበው።

በገባህ በሳምንቱ ስልክህ ጠራ። «እማዬ» ይላል። ተውኩት። በማግሥቱም ጠራ፣ ተውኩት። ከዚያ እደሴቱ ካለው ቤቷ ወደ እኔ ደወለችና፣ «መርከቡ ሰጥሞ ነው እንጂ ልጄ ስልክ አያነሣም?» ብላ አለቀሰች። መርከቡን የፈጠርኩት እኔ፣ ያሰጠምኩትም እኔ ልሆን ነው! በሚቀጥለው ቀን ሲጠራ አነሣሁት። አንሥቼ ምን ልበል? ድምፄን ታውቀዋለች። ስልኩ ላይ «በጽሑፍ መልስ» የሚል ነገር አየሁና ነካሁት። «ደኅና ነኝ እማዬ» ብዬ ጻፍኩ።

ማንሆ፣ ያንተ ድምፅ ወጣ! ሱቁን ዞሬ ፈለግኩህ፤ እንደ እብድ።

በኋላ ቾን ለጎረቤት ነው ብዬ ጠየቅኩት። ጭነት ስትጠብቅ ስልኩ «እነዚህን አንብብ» ሲልህ እያነበብክ ድምፅህን አስተምረኸው ኖሯል። አሁን የጻፉለትን ሁሉ ባንተ ድምፅ ይናገራል።

ከዚያ ወዲህ ማታ እራቷን እንደበላች ትደውላለች። እኔም ሱቁን እየዘጋሁ አንተን እሆናለሁ።

«ምን በላህ?» ትላለች።

«ዓሣ» እላለሁ።

«ሌላስ?»

«ዓሣ።»

ምን ላድርግ፣ መርከብ ላይ ሌላ ምን እንደሚበላ በምን ልወቅ! «ባሕሩ እንዴት ነው?» ትላለች። «ደኅና ነው፣ አንቺ ብቻ በደንብ ልበሺ፣ መድኃኒትሽንም እንዳትረሺ» እላታለሁ። ደስ ይላታል። ወዲያው ትዘጋና ትተኛለች።

ስልኩን ያልመለስኩት ለዚህ ነው። ድምፁ ወደ አዲሱ አይሻገርም ይላል ቾ። ስልኩ ሲመለስ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ባለቤቱ አዲሱ ላይ እንደገና ማንበብ አለበት።

«ባለቤቱ መርከብ ላይ ነው» አልኩት።

«ከመርከብ ሲወርድ ያነባላ እትዬ! ባሕር ላይ ማን አሮጌ ስልክ ይዞ ይቀራል?»

ባስቀረው ደግሞ የቀረውን መክፈል ነው፤ የዘንድሮ ጎመን ዋጋ ወገቤን ሰብሮታል፤ ያንተም የጠበቃ ገንዘብ ገና አልተዘጋም። ግን እሱ አይደለም ጭንቀቴ። ስልኩ ከሄደ እማዬ ልጇን አጣች ማለት ነው። ምን ላድርግ? ተቆጣኝ ብትፈልግ፣ ብቻ ምን እንደማደርግ ንገረኝ።

ዶክሂ

—

ከማረሚያ ቤት፣ ታኅሣሥ 17

ለእትዬ ዶክሂ፤

ተናድደሃል ወይ ብለሽ ኋላ በላክሽው ካርድ ስለጠየቅሽኝ እውነቱን ልንገርሽ። ተናድጃለሁ። ደብዳቤሽን አንብቤ ግድግዳውን በጡጫ መታሁት፤ አብረውኝ የታሰሩት «ሰው ሞተበት» ብለው ዝም አሉልኝ። የሞተው ማን እንደሆነ እኔም አላውቅ።

ከዚያ ንዴቱ አለፈና ሌላ ነገር መጣብኝ። እኔ በሕይወቴ ለእማዬ በየቀኑ ደውዬላት አላውቅም። ለበዓል ነበር የምደውለው፤ እሱንም «መንገድ ላይ ነኝ፣ መዝጋቴ ነው» ለማለት። በደንብ ልበሺ ብያት አላውቅም። መድኃኒት ትውሰድ አትውሰድ የት አውቄ! ያ ሰውዬ፣ ያ ስልኩ ውስጥ ያለው፣ ከእኔ ይሻላታል። እኔ ስወጣ በእሱ ቦታ ምን ይዤ እገባለሁ?

ያለፈው ደብዳቤዬ ላይ መልሺው ብዬሽ ነበር። ተሳስቻለሁ። እንዳትመልሺው። የቀረውን ክፈዪልኝ፤ ወጥቼ እንደ አህያ ተጭኜ እመልስልሻለሁ። እንዲህ ብሎ መለመን እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። አንድ ዓመት እኮ ነው የቀረኝ፤ እስክወጣ ብቻ እሱን አኑሪላት።

እሷን እንዳላጣ እፈራለሁ እትዬ።

ማንሆ

—

ሞክፖ፣ የካቲት 3

ለማንሆ፤

የለም፣ እማዬ አልታመመችም። ይህን ያህል ጊዜ መልስ የነሣሁህ እኔ ደክሞኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ደክሞኛል።

ለጨረቃው አዲስ ዓመት እማዬ ጋ፣ ደሴቱ ሄጄ ነበር። የአባዬን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የመታሰቢያ ማዕድ ከንጋቱ ጀምሬ አሰናዳሁ፤ ሩዙን፣ ዓሣውን፣ ፍራፍሬውን። የሚሰግድለት ወንድ ልጅ አልነበረም፤ የአጎታችን ልጅ መጥቶ ሰገደና በልቶ ሄደ። ዕቃ ሳጥብ ዋልኩ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ እማዬ ክፍሏ ገባች። ወዲያው ኪሴ ውስጥ ስልክህ ተንቀጠቀጠ!

እዚያው ቤት ውስጥ ሆና ላንተ ትደውላለች፤ እኔ ደግሞ እዚያው ቤት ውስጥ አንተ ነኝ። ምን ላድርግ? ከነሽርጤ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። የኪምቺ ጋኖቹ ጀርባ ቁጢጥ ብዬ፣ በረዶ አንገቴ ላይ እየወረደ አነሣሁት። በዚያ በደነዘዘ ጣት አንዱን ፊደል ስነካ ሌላው ይመጣል። ሌላ ሰው ቢያየኝ ይስቅ ነበር፤ አንተ ግን አልቅስ።

ምን አለችህ መሰለህ? ምን በላህ አላለችም።

«እህትህን አየሃት ወይ? ከስታለች» አለች። «ባሏ ከሞተ ወዲህ ለሰው እንጂ ለራሷ አታበስልም። ወገቧን ይዛ ነው የምትሄደው። እኔ ስነግራት ትቆጣኛለች። አንተ ንገራት፣ አንተን ትሰማለች። ትረፍ በላት።»

ማንሆ፣ ምን ልጻፍ? «እሺ እማዬ፣ እነግራታለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ይኸው ነገርከኝ።

እዚያው በረዶው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እናቴ ለእኔ በአፏ ብላኝ የማታውቀውን ላንተ ትልሃለች፤ አንተ ደግሞ እኔ ነኝ። ቀን ዶክሂ፣ ማታ ማንሆ። አንዱም ሰው አልበቃኝም ነበር? ሰለቸኝ ወንድሜ። አንተ ወህኒ ቤት ሆነህ ታርፋለህ፤ እኔ ግን ያንተን የልጅነት ግዴታ ጭምር ተሸክሜያለሁ። ብትቀየም ተቀየም።

ቾ ቅዳሜ ይመጣል። ስልኩን እመልስለታለሁ፤ አዲሱንም አልፈልግም፤ መስመሩም ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ወይ ትደውልላታለህ ወይ አትደውልላትም። ብትተው ስለ ዝምታህ ሌላ ተረት አልፈጥርላትም፤ ተረቴ አልቋል።

ስለ ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ጠይቀኸኝ ዝም ያልኩት አንገቴን ስለሚያስደፋኝ ነው። በምርኩዝ መራመድ ጀምረዋል። የደረቀ ዓሣ ይዤ ሄጄ ነበር። ዓሣውን ተቀበሉኝ፤ ግቢ ግን አላሉኝም። እውነታቸውን ነው።

እህትህ ዶክሂ

—

ከማረሚያ ቤት፣ የካቲት 10

እትዬ፤

አልተቀየምኩም። ያልሽው ሁሉ ልክ ነው።

ጠይቄ ፈቅደውልኛል። የሚመጣው ሐሙስ ከምሳ በኋላ እደውልላታለሁ። ከዚህ ሲደወል ከየት እንደሆነ አስቀድሞ የሚናገር ድምፅ አለ። እኔ አፌን ሳልከፍት ትሰማዋለች ማለት ነው፤ መርከብ የለም ለማለት እንኳ አያስቀድሙኝም።

ምን እንደምላት አላውቅም። ወረቀት ላይ ልጽፍ ሞከርኩ፤ የሚመጣልኝ ያ ሰውዬ የሚላት ብቻ ነው።

አጠገቧ ሁኚልኝ። ድምፁን ሰምታ ብትዘጋውም አትቆጪያት።

ማንሆ

—

ሞክፖ፣ የካቲት 27

ለማንሆ፤

እንደምን ሰነበትክ? ካርድህ ደርሶኛል። አንተ ከዘጋህ በኋላ እማዬ ምን እንዳለች ጠይቀሃል። ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ቅዳሜ ቾ መጣ። እንደ በፊቱ በርጩማዬን ያዘ። ስልኩን እዚያው ፊቴ አንድ ሁለቴ ነካ ነካ አደረገና «በቃ፣ ጠፋ» አለ። እንዲህ ቶሎ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከዚያ በጨርቅ ወልውሎ «እንዴት አድርገው ነው የያዙት! አዲስ እኮ ነው» ብሎ አሞገሰኝ። አዲሱን ካልወሰድኩ የቆየሁበት ዘመን ሁሉ መና እንደሚቀር፣ የታማኝ ደንበኛ ጥቅሜ እንደሚቃጠል ሲለፈልፍ ቆየ።

«ቾ፣» አልኩት፣ «ከደከመ ሰው ጋር አትከራከር።» አንድ ሳህን ኪምቺ ሰጥቼው ሄደ።

እሁድና ሰኞ እማዬ ላንተ ሳትደውል አልቀረችም፤ ቁጥሩ ተዘግቷል የምትለውን ሴትዮም ሳትሰማ አልቀረችም። ግን ለእኔ ደውላ ምን ሆነ አላለችኝም። ይህ አስፈራኝ። ረቡዕ ጀልባ ተሳፍሬ ሄድኩ፤ በባዶ ሜዳ ለምን መጣሽ አላለችኝም፤ ሾርባ አሞቀችልኝ።

ሐሙስ ስልኩ ሲጠራ ራሷ አነሣችው። ያ ከየት እንደሚደወል የሚናገረው ድምፅ ለእኔ ድረስ ይሰማ ነበር። እማዬ ፊቷ አልተለወጠም። በሁለት እጇ ያዘችውና «ልጄ» አለችህ። ቀጥሎ ያለውን አንተ ታውቀዋለህ። እንደዚያ ስታለቅስ የሰማሁህ ትንሽ ልጅ ሆነህ ነው። ምንም የረባ ነገር አላልካትም፤ «እማዬ፣ እማዬ» ብቻ።

ከዘጋህ በኋላ ውኃ ሰጠኋት።

«ያኛው አያለቅስም ነበር» አለች።

«ታውቂ ነበር እንዴ?»

«ወህኒ መሆኑን አላውቅም ነበር። ክፉ ነገር እንዳገኘው ግን ገባኝ። ማንሆ በደንብ ልበሺ ብሎኝ ያውቃል? መድኃኒትሽን እንዳትረሺ ብሎኝ ያውቃል? እንዲያ የምትዪኝ አንቺ ነሽ፤ ያውም በቁጣ። እሱ ድምፁን አበደረሽ እንጂ የምታናግሪኝ አንቺ እንደሆንሽ ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ።»

ተናደድኩ። እውነቴን ነው፣ በዚያ ሁሉ መሀል ተናደድኩ። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ስንት ማታ እኮ ነው! ቆሜ ውዬ፣ ዓይኔ እየተጨፈነ ፊደል ስለቅም!»

«አውቃለሁ» አለች። «አንድ ነገር ስናገር ዝም ይላል፤ ቆይቶ ነው የሚመልሰው። ይቺ ልጅ ፊደል እየፈለገች ነው እልና እጠብቅሻለሁ። እኔ ምን ሥራ አለኝ?»

«ቢሆንም! ለምን ዝም አልሽ?»

እማዬ የውኃውን ብርጭቆ መሬት አስቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፤ «ብነግርሽ ትተዪው ነበር። አንቺ እንደሆንሽ በራስሽ ድምፅ አትደውዪልኝም።»

በራሴ ድምፅ የምላትን ቃል መፈለግ ያዝኩ። እሷም ፊደል ስለቅም እንደምትጠብቀኝ ጠበቀችኝ።

የሚመጣው ረቡዕ ሁለታችንም ልንጠይቅህ እንመጣለን። ጢምህን ተላጭ።

እህትህ ዶክሂ